የራዳሩ ሙቀት

ታላቅ ወንድሜ ከውትድርና ሲመለስ ወረታ ከሚገኘው የሩዝ መጋዘኔ ሥራ ገባ። ዕድሜውን የፈጀው ተራራ ላይ ባለ ጣቢያ ራዳር ሲጠግን ነው። ሰማይ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከሩዝ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። እሱ ግን የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ጆንያውን ሲያወርድ እፍኝ ዘግኖ ያሻል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብርና «ደርቋል» ወይም «ገና ነው፣ መልሰህ አስጣው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ደንበኛ ፊት እኮራበት ነበር፤ ደመወዝ ባልጨምርለትም።

ባለፈው አዝመራ ዝናቡ አልወጣ ብሎ የታጨደው ሩዝ ክምር ላይ እያለ ራሰ። እንዲህ ያለ ሩዝ ቢደርቅም ሲፈተግ ቢጫ ይወጣል። አንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ከዚያው ሩዝ አስፈትጎ ጭኖ መጣ። ወንድሜ አሸ፣ ሰበረ፣ «ጥሩ ነው፣ አራግፉት» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽሮ ነው የሚመስለው» አልሁት።

ነጋዴው መሬት መሬት አየ። ነጋዴ መሬት ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም የማየው ጊዜ አለ። ወንድሜ ግን እጁን ከጆንያው አላወጣም።

«ቀለሙ አይታየኝም» አለ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«እዚህ ሳልመጣ ጀምሮ። የቀኙ ጠፍቷል፤ የግራው ጭጋግ ነው።»

በማግሥቱ ባሕር ዳር ወሰድሁት። የዓይን ሐኪሟ አየችውና «ሥራዎ ምን ነበር? ብየዳ ነው?» አለችው።

«ራዳር። በርቶ እያለ አትቅረቡ ይሉናል፤ ብናጠፋው ደግሞ አለቃ ይቆጣል። ስለዚህ ሳናጠፋ እንጠግን ነበር። ተራራው ብርድ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሞገዱ የሚያልፍበትን ቱቦ ከፍተን ወደ ውስጥ ስናይ ፊታችንን ይሞቀናል። ደስ ይል ነበር።»

«ቆዳን ደም ያቀዘቅዘዋል፤ የዓይን ሌንስ ግን ደም የለውም» አለች። «በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ግን እንዲህ ያለው ሙቀት የዓይን ሞራ ያመጣል። የግራውን በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። የቀኙ ሞራ ብዙ ቆይቶ ግፊት ፈጥሯል፤ ነርቩ ሞቷል። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…»

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«እዚያ ብናገር ያሰናብቱኛል አልሁ። እዚህስ? አንተ ለሩዝ ዕውር ትቀጥራለህ?»

መልሱን ስለማውቀው መንገድ መንገዱን አየሁ።

የግራው ቀዶ ሕክምና ሠመረ። ፋሻው እንደተፈታ ስልኩን አምጣ አለኝና የዚያን ጓደኛውን ቁጥር ራሱ ፈልጎ ደወለ።

«ዓይንህ እንዴት ነው? ሞራ ከሆነ ይወጣል። እኔ የቀኜን ዘግይቼበት ጠፋ፤ የግራዬ ግን አሁን ያያል። ቶሎ ሂድ።»

የጓደኛው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሄጄ ነበር» አለ ሰውየው። «እንኳን አንዱ ተረፈልህ። የእኔ ሁለቱም እንደ ቀኝህ ናቸው።»

ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ።