ዓይኗን ያልጨፈነችበት ፎቶ

ሞጆ ውስጥ በሽተኛ ወይም ሽማግሌ ለብቻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎቶ ሲነሳ ነገሩ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ድንኳን ተጥሎ ሲለቀስ ሟች በትልቅ ፎቶ ሆኖ መሃል መግባት አለበት፤ ፎቶው ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ ካልተነሳ ከየት ይመጣል? ስለዚህ “ለመታወቂያ ማደሻ ነው” ይባላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዱሬቲም ካሜራዋንና ፍላሿን ይዛ አባቷ ዘንድ ስትቀርብ ያለችው ከዚህ አይሻልም፤ ለጡረታ ደብተር ጉርድ ፎቶ ተፈልጓል አለች።

አቶ ጋዲሳ ሠላሳ ዓመት ከጅቡቲ ሞጆ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው ከታመመ ዓመት አልፎታል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሐኪሙ ዱሬቲን ለብቻዋ ጠርቶ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነግሯታል። የጡረታ ደብተሩ ትራሳቸው ሥር ነው፤ ፎቶም አለበት። ይህን እያወቁ ልጃቸውን ትንሽ አየት አደረጉና ሸሚዝ ልቀይር ብለው ተነሱ።

ዱሬቲ ከዚህ በፊት አንድ የለቅሶ ፎቶ አንስታለች፣ ያውም ሳታውቀው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደረቅ ወደቡ አካባቢ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ እየሄደች መምህር ጠሃ ዘንድ ፎቶ መማር ጀመረች። ጠሃ ከወሎ መጥተው ስቱዲዮ ከከፈቱ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ምስጋና ከኪሳቸው የሚወጣ ይመስል የሚሰስቱ ሰው ናቸው። የፍላሽ ትምህርት የተጀመረ ሰሞን ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጡ፤ ቤት ውስጥ በፍላሽ የተነሳ የአንድ ሰው ፎቶ ይዛችሁ ኑ አሉ።

ዱሬቲ እናቷን ዘርፉን ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠች። ዘርፉ ካሜራ ሲወጣ ሰው ኋላ የምትሸሸግ ሴት ነበረች፤ በቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ያለው ጀርባዋ ወይም ክርኗ ነው። ያን ቀንም ፍላሹ በበራ ቁጥር ዓይኗ ይከደናል። ሰባት ጊዜ ተነስታ ሰባት ጊዜ ጨፈነች። ዱሬቲ ትዕግሥቷ አለቀና፣ ነገ መምህሩ የሚያዩት ነው፣ እንዳትጨፍኚ አልኩሽ እኮ ብላ ተቆጣቻት። በስምንተኛው ዓይኗ ተከፈተ።

ፎቶው ግን ፎቶ አልነበረም። ግንባሯ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ነጭ ሆኗል፣ ከኋላዋ ጥቁር ጥላ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ዓይኗ ፈጧል። መምህር ጠሃ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍላሽ የባልዲ ውሃ ነው፣ ሰው ፊት ላይ አይደፋም፤ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ ርጩትና ተመልሶ የሚመጣው ይበቃችኋል ብለው ያስተማሩት ያን ዕለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘርፉ ገበያ ላይ ደም ግፊት ጣላትና በዚያው ቀረች። ፎቶ ተፈለገ፤ ያ የቤት ሥራ እንጂ ሌላ ፊት የሚያሳይ አልተገኘም። እሱው በትልቁ ታጥቦ ድንኳን ገባ። የዘርፉ ታላቅ እህት ወይዘሮ ዲንቄ ፎቶውን ከፍ አድርገው፣ “እህቴ፣ ምን አይተሽ ነው እንዲህ የፈራሽ?” እያሉ አለቀሱ፤ ለቀስተኛውም ተቀበላቸው። ዱሬቲ ልቧ ተሰበረ። እናቷን ለዘላለም አስደንግጣ ያስቀረቻት እሷ መሆኗን አመነች፣ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ትምህርቱን አራት ወር ተወችው። የተመለሰችው አባቷ ሲታመሙ ነው፣ ለአንድ ነገር ብቻ። በሰው ፊት ፈንታ የመቂ ፓፓያ ላይ የአባቷን ባርኔጣ ደፍታ ብርሃኑን ከጎን፣ ከላይ፣ ከሩቅ እያደረገች ተለማመደች። አንድ ቅዳሜ መምህር ጠሃ አንዱን ፎቶዋን አይተው “ይሄስ ሰው ይመስላል” አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

እንግዲህ አቶ ጋዲሳ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዱሬቲ እንደተማረችው ፍላሹን ወደ ኮርኒሱ አዙራ አነሳች። የስቱዲዮው ኮርኒስ ነጭ ነበር፤ የቤታቸውን ግን አባቷ እሷ የተመረቀች ዓመት በገዛ እጃቸው ሰማያዊ ቀብተውታል። ብርሃኑ ወጥቶ ቀለሙን ይዞ ወረደ። ካሜራው ላይ ያየችው ፊት አመድማ ሰማያዊ፣ ከንፈሩ የጠቆረ የአስከሬን ፊት ነበር። ልትደብቀው ስትል አባቷ አሳዪኝ አሉ።

ረጅም ጊዜ አዩት። “ገና ነኝ እኮ ልጄ” ብለው ፈገግ አሉ። ቀጥለውም፣ “ለለቅሶ መሆኑን ንገሪኝ። ሠላሳ ዓመት ኬላ ላይ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ውሸት አይጠፋኝም” አሏት።

ዱሬቲ ያን ጊዜ አለቀሰች። “አዎ አባዬ። እንደ እማዬ እንዳላበላሽህ ፈርቼ ነው። እሷን አስደንግጫት ቀረች።”

“ማን ደነገጠች አለሽ?” አሉ አቶ ጋዲሳ። “ያን ቀን አንቺ ከወጣሽ በኋላ ዓይኗን በውሃ ስታጥብ አገኘኋት። ‘በጣቴ እየቆጠርኩ ዓይኔን አፍጥጬ ያዝኩት፤ ከጨፈንኩ ልጄ በትምህርቷ ትወድቃለች’ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። የምታውቂ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።”

ከዚያ አቶ ጋዲሳ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል ብለው ጠየቁ፤ ነጭ አለች። ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጧት። ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቅላ ፍላሹን ወደሱ አዞረች። ብርሃኑ ከጋቢው ለስልሶ በጎን መጣ፤ በመኪናው መስኮት በኩል የጅቡቲ ፀሐይ ሠላሳ ዓመት ያጠቆረው ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ተለይቶ ወጣ።

“አባዬ፣ መጨፈን ካማረህ ጨፍን” አለቻቸው። “እንደገና አነሳሃለሁ።”

አምስት ጊዜ ጨፈኑ። አልተቆጣችም።

አቶ ጋዲሳ በነሐሴ አረፉ። ፎቷቸው ድንኳን ሲገባ ዱሬቲ ወደ ቤት ተመልሳ የእናቷንም አወጣችና ራሷ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ወይዘሮ ዲንቄ ያንን የፈጠጠ ዓይን ሲያዩ፣ ይቺን ምስኪን ደግሞ ለምን አመጣሻት አሏት።

“አልፈራችም እኮ እትዬ” አለች ዱሬቲ። “እኔ በትምህርቴ እንዳልወድቅ ብላ ነው ያፈጠጠችው።”

ወይዘሮ ዲንቄ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከጎኗ ቆሙ።