ለቅሶ ቤት የገባ ዳንስ

በባለቤቴ ሣልስት ዕለት ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ያለው ቤታችን ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ሞልቶ ነበር። ዕድሜውን ዳላስ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና አስተዛዛኙ አብዛኛው ሾፌር ነው። ልቡ ድንገት ቆመ፤ ሥራ ብሎ እንደወጣ ቀረ።

እኔ አልቅሼ አልቅሼ ድምፄ ተዘግቷል። ያስፈራችኝ ልጃችን ነበረች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ ግድግዳ ተደግፋ ታያቸዋለች፤ አንዲት ጠብታ እንባ የላትም። ሐዘን ካልወጣ ሰውን ከውስጥ እንደሚበላ አውቃለሁ። አልቅሺ ብዬ ስለምናት ትራይ አድርጌ እምቢ አለኝ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ክፍሏ የቼሎዋ፣ የዚያ በጉልበቷ መሃል አቁማ በደጋን የምትጫወተው ትልቅ ቫዮሊን፣ ድምፅ መጣ። አስተማሪዋ ጀማሪነትን ተሻግረው ገና ላልሠለጠኑ ልጆች ባሮክ በሚባለው በጥንቱ የአውሮፓ ሙዚቃ ስልት የተጻፈ ዜማ ሰጥታት ነበር። ፒያኖ የለው፣ አጃቢ የለው፣ ቼሎ ብቻውን። ሳሎን ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ማሲንቆ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንኳ አይከፈትም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ከጎረቤት ከተማ ከቤድፎርድ ልጃቸው ያመጣቸው አንዲት ትልቅ ሴት ግን ቀድመውኝ በሩን ከፍተዋል። በወጣትነታቸው አገራቸው ጎጃም ስመ ጥር አልቃሽ ነበሩ ይባላል።

«ምንድን ነው የምትጫወቺው፣ ልጄ?» አሏት።

ልጄ መሸፋፈን አታውቅም። «ዳንስ ነው» አለች። «ማለቴ፣ ስሎው ዳንስ። ሳራባንድ ይባላል።»

ከኋላዬ ሴቶቹ በስመ አብ እያሉ ሲያማትቡ ተሰማኝ። የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ዳንስ። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል፤ ቼሎውን ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ። አሮጊቷ አንጓዬን ጨብጠው ያዙኝ።

«ተያት። እኛስ ሰው ሲሞትብን ቆመን የምንረግደው ምን ልንሆን ነው? ይሄ ረገዳ ነው። በይ ልጄ፣ እንደገና ጀምሪው።»

ረገዳ የለቅሶ እርምጃ ነው፤ ለቀስተኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ በዜማ መሬት ይረግጣል። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ስለሆንኩ ወሬውን እንጂ ነገሩን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ልጄማ ቃሉንም አታውቀው። ጀምሪ መባሏን ብቻ ሰምታ ጀመረች። አስተማሪዋ ሁለተኛው ምት ላይ ጫን በይ ትላት ነበር፤ የአሮጊቷ እግር ምንጣፉ ላይ የሚያርፈው እዚያው ሁለተኛው ምት ላይ ሆነ። ማን አስተማራቸው እንዳልል፣ እሳቸው ቼሎ አይተው የሚያውቁም አይመስለኝም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሙሾ አወረዱ፦

ሰውን ሁሉ ከደጅ ሲያደርስ የኖረው፣
የገዛ ቤቱን በር ዛሬ ምነው ሳተው።

ሳሎን ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው። ወንዶቹም አንገታቸውን ደፉ፤ ሾፌሮች ናቸውና ነገሩ የገባው ለእነሱ ነው።

«ምን አለች?» አለችኝ ልጄ ደጋኑን ሳታቆም። አንቱታ አይሆንላትም።

እሷ በምታውቀው አማርኛ ነገርኳት፤ አባትሽ ሰውን ሁሉ እቤቱ ያደርስ ነበር፣ ዛሬ የራሱ ቤት ለምን ጠፋበት ነው የሚሉት አልኳት።

ደጋኑ ቆመ። በሩን አየች፤ እኔንም አሮጊቷንም አልፋ፣ በሳሎኑ በኩል እስከ ውጭው በር ድረስ አየች። ከተወለደች ጀምሮ ዳዲ ነበር የምትለው።

«አባቴ» አለች።

ቼሎዋን እንዳቀፈች አለቀሰች፤ ሴቶቹ እንደሚያለቅሱት ጮክ ብላ። እኔም ሄጄ አላባበልኳትም። ይውጣላት ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።