የሰፊው ሕዝብ ፈረስ

ሰኞ፣ ከደሴ ወደ አቀስታ

ጎህ ሲቀድ ከደሴ የተነሣሁት በእህል ጭነት መኪና ነው፤ ከሾፌሩና ከረዳቱ መሃል ተጣብቄ፣ የመድኃኒት ሳጥኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። የምሄደው መካነ ሰላም ነው። ዐምና ከዚያ አገር ሰው በረሃብ እያለቀ ነውና ድረሱልን የሚል መልእክት ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜም ሰሚ እንዳጣ ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዘንድሮ ግን በፖሊስ ሬዲዮ «አንድ ፈረስ ታሟል» ቢባል በሳምንቱ ሐኪም ተላከ። ሐኪሙ እኔ ነኝ፤ የእንስሳት። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ሥራ ተቀላጥፏል ለሚል ሰው አሁን ማስረጃ አለኝ።

«ፈረስ ለማከም ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አዎ።»

«የማን ፈረስ?»

«የባላባት ነበር፤ አሁን የሰፊው ሕዝብ ሆኗል።»

ማርሽ ቀየረና «እኔ ሰፊውን ሕዝብ የማየው በእግሩ ሲሄድ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ገለጥ ሲል ከመጠለያ ወደየቀያቸው የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው አየን፤ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ጭንቅላት ላይ የተቀመጠ ድስት። ከብት የሚነዳ አንድም አልነበረም። አቀስታ ገበያ ስንደርስ ምክንያቱ ገባኝ። በረሃቡ ጊዜ በሬያቸውን በማይረባ ዋጋ የሸጡ ገበሬዎች ዛሬ የበሬ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይሰማሉ፣ ነጋዴውን አመስግነው ይሄዳሉ።

ረቡዕ፣ መካነ ሰላም

ከአቀስታ በበቅሎ። ባለበቅሎው እንድሪስ የሚባል፣ መንገዱን ሁሉ ለበቅሎዋ የነቢዩን ውዳሴ ሰላዋት እያወረደ፣ ለእኔ የገብስ ቆሎ እያካፈለ የሚሄድ ጎልማሳ ነው። ማታ ላይ ከከተማው ዳር ወዳለው የገበሬ ማኅበር ደረስን።

ሊቀመንበሩ ደምሴ የባላባቱን ካፖርት ለብሶ ተቀበለኝ። ባላባቱ ሸሽቷል፤ የቀሩት ካፖርቱ፣ ፈረሱና የፈረሱ ባልደራስ ይመር ናቸው። ካፖርቱን ሊቀመንበሩ ወረሰ፣ ፈረሱን ሕዝቡ ወረሰ፣ ይመርን በጌታው ፈንታ እስር ቤት ወረሰው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

«ጓድ ሐኪም፣ ለአብዮቱ በዓል ሰልፉን የምመራው በዳማው ፈረስ ላይ ሆኜ ነበር» አለኝ ደምሴ። «ያ የፊውዳል አሽከር ሰኮናውን መርዞብናል። አሻጥር ነው። አንተ መርምረህ መስክር፣ እኛ ለአውራጃው እናስተላልፈዋለን።»

«አውራጃው ምን ያደርገዋል?»

«እሱ የአውራጃው ሥራ ነው» አለና ካፖርቱን ቆለፈ።

ሐሙስ፣ ጋጣው

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ብለው ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። በሩ ተቆልፏል። ይመር ከታሰረ ወዲህ የሕዝብ ንብረት እንዳይባክን ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አይከፈትም፤ ገብሱ በመስኮት ይጣላል፣ ውኃው በመስኮት ይወርዳል። የሚወጣ ነገር የለም፤ ፋንድያውም ጭምር። ሲከፈት የመጣው ሽታ ኮሚቴውን ወደኋላ በተነው።

ዳማው ጉልበቱ ድረስ በፋንድያና በሽንቱ ውስጥ ቆሟል። እግሩን ላነሣ ብሞክር ሊረግጠኝ ቃጣ። ደምሴ ሞከረ፤ ካፖርቱን ቀደደለት። በመጨረሻ ይመርን ከነጠባቂው አመጡት። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነው። አንገቱን ዳሰስ አድርጎ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» ሲለው ፈረሱ እግሩን ራሱ አነሣለት።

በሰኮናው ሥር መካከል፣ ወደፊት የሾለ ለስላሳ ክፍል አለ፤ ፈረስ ሲረግጥ እንደ ፍራሽ የሚያገለግለው። በጤናው እንደ ጎማ ጠንከር ይላል። የዳማው በስብሶ እንደ ራሰ ቆዳ ይቀደዳል፤ በግራና ቀኙ ካለው ስንጥቅ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል፤ ስንጥቁ ተረከዙን ሊከፍለው ምንም አልቀረው። እንዲህ የከፋ አይቼ አላውቅም።

«መርዙ ያውልህ» አለ ደምሴ ጥቁሩን ፈሳሽ እያመለከተ።

የቀሩትን ሦስት እግሮች አየሁ። አራቱም አንድ ናቸው። ምስማር ወይም እሾህ ቢሆን አንዱን እግር ነው የሚወጋው፤ አራቱንም እግር እኩል የሚበላ ወለሉ ብቻ ነው። መርዙ ፋንድያው ነበር፤ መራዡም ቁልፉን የያዘው። ይህን እዚያው ብናገር የይመር ጎረቤት ሆኜ እንደማድር ስለገባኝ ውኃ አምጡልኝ ብዬ ወጣሁ።

በር ላይ አንዲት ሴት ቂጣ በጨርቅ ይዛ ቆማለች። የይመር ሚስት ዘይነባ ናት።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤሃለሁ» አለችኝ። «መሬት ደረሰን፤ በዕድሜያችን የመጀመሪያችን ነው። ዘሩን ከአፋችን ቀምተን አኖርን። ግን በሬ የለን፣ አራሹ ታስሯል። በዚህ ሳምንት ካልተዘራ እንበላዋለን፤ ከዚያ ወዲያ የደሴ መንገድ ነው። ዐምና በዚያ መንገድ ልጄን ቀብሬያለሁ።»

ተመልሼ ገባሁና ፊቴን እንደ ካድሬ አኮሳትሬ ቆምሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በሽታው የፊውዳል በሽታ ነው።»

«አላልሁም?» አለ ወደ ኮሚቴው ዞሮ።

«ሳይሠራ እየበላ የሚቆም ፈረስ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ሥራ ነው። በየማለዳው ጋጣው ይጠረጋል፣ ሰኮናው በጨው ውኃ ታጥቦ ይደርቃል፣ ከዚያ ፈረሱ እስከ ቀትር ሜዳ ላይ ይሠራል። እግሩን የሚያስነሣው ደግሞ ይህ ሰው ብቻ ነው።»

«እስረኛ ነዋ።»

«እንግዲያው ፈረሱን ከእሱ ጋር እሰሩት።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ፈረስ ማሰር በመመሪያው እንደሌለ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ፤ እንግዲያው ለሕክምናው ይመር ይፈታ አሉ። ደምሴ «ሕክምናው እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«ፈረሱ በሕይወት እስካለ።»

ይመር ቀና ብሎ አየኝ። የበሰበሰውን በጎባጣ ቢላዋ ቆርጬ አዮዲን አፈሰስሁ፣ ስንጥቁን በጥጥ ሞላሁ። ይመር እግሩን ይዞ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም። ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፋንድያ ይዝቅ ጀመር።

ማክሰኞ፣ የመልስ መንገድ

ሰኮናው ደርቋል፤ ሽታው ጠፍቷል። ደምሴ ለሰልፉ እንደሚደርስለት እርግጠኛ ነው። ጎህ ሲቀድ ከእንድሪስ ጋር ተነሥተን ዳገቱን እንደጨረስን ጅራፍ ሰማሁና ዞርሁ።

ከታች ይመር ያርሳል። ዘይነባ ከኋላው ዘር ትበትናለች። በሬ ከየት አመጣ ብዬ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ባይ፣ በቀንበሩ ቀኝ ዳማው፣ የባላባቱ የሰልፍ ፈረስ፣ በግራው ደግሞ የጎረቤት አህያ። አህያዋ አጭር ስለሆነች ቀንበሩ ያዘመመ ነው፤ ትልሙም ያዘመመ ነው። ስለ እኩልነት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።

እንድሪስ በቅሎዋን አቁሞ ብዙ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ወላሂ፣ ይኸም ከመድኃኒቱ ነው?»

«ከመድኃኒቱ ነው» አልሁት።

«እንግዲያው አላህ ዳማውን አያድነው» አለና በቅሎዋን ነካት።