ረሺዳ የሞላችው ጠርሙስ

ረሺዳን የማውቃት ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጎረቤቴ ሆና ነው። ከከሚሴ አካባቢ ተነሥታ ካርቱም ስትገባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ካርቱም፣ ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ በዶክተር ሙሄዲን ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ስንቅነሽ ከምትባል የጎንደር ሴት ጋር ወደተከራየችው ክፍል ትመለሳለች። የእኔ የኬሚስትሪ እውቀት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ነገሩን እሷ በነገረችኝ ልክ ብቻ እጽፈዋለሁ።

ዶክተሩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ከአንድ የተዘጋ ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ያለ ጉድጓድ በክሮሚየም መመረዙን ደርሰውበት አስቆልፈውት ነበር። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነገር ነው፤ ትንሹም ቢሆን ይጎዳል፣ ውሃውን ግን ዓይን ሲያየው ንጹሕ ነው። ዶክተሩ በጉድጓዱ ዙሪያ አፈር ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ከስኳር ፋብሪካ የመጣ ሞላሰስ ያፈሱላቸዋል። ባክቴሪያዎቹ ሲበረቱ መርዙን ወደማይጎዳ ዓይነት ይለውጡታል ብለው ነው።

ስንቅነሽ ሻይ የምትሸጠው እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ነው። ውሃ በአህያ ጋሪ እስኪመጣላት ስትጠብቅ ደንበኛ እየተነሣ ይሄድባታል። ስለዚህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ዶክተርሽ ትሎቻቸውን አጥግበው አልጨረሱም ወይ እያለች ረሺዳን ትነዘንዛታለች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ረመዳን ገባ። በረመዳን የካርቱም ሰው መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ያስፈጥራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የማዘጋጀት ሥራ የረሺዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለፈ ፍሪጁን ከፍታ የጎደለውን ጠርሙስ ሁሉ ትሞላለች። ለጿሚ ጎዶሎ ጠርሙስ ማቅረብ ለእሷ ነውር ነው። አንድ ቀን ሦስት አዲስ ጠርሙሶች አገኘች። ሁለቱ ሙሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ሩቡ ያህል ብቻ ነበረው። ከቧንቧ እስከ አፉ ሞላችውና መለሰችው።

ተማሪዎቻቸው የቀዱላቸውን ጠርሙሶች ምን ያህል እንደያዙ ልብ ሳይሉ እዚያ ያስቀመጡት ዶክተሩ ነበሩ። ላቦራቶሪው መብራት ስለጠፋበት ለጊዜው አኑረዋቸው ተኝተዋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ነቅተው በበረዶ ሣጥን ይዘዋቸው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ሁለቱ ጠርሙሶች ለማነጻጸሪያ ከሌላ ጉድጓድ የተቀዱ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን ከተበከለው ነው፣ እንኳን ማንም አልነካው አሉ። ረሺዳ ሰሐን ይዛ ቆማ ነበር። መሙላቷን ሳትነግራቸው ሰሐኑን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ውጤት መጣ። በሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከተፈቀደው በታች ወርዷል። ዶክተሩ ደስ አላቸው፤ ባክቴሪያዎቹ ሠርተዋል አሉ። ቢሆንም ከዚያው ጠርሙስ ተቀንሶ ውጭ አገር ከተላከው ናሙና ሁለተኛ ወረቀት እስኪመጣ ጉድጓዱ አይከፈትም። ረሺዳ ሻይ እያቀረበች ሁለተኛው ወረቀት የሚናገረው ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በመጠየቋ ደስ ብሏቸው በሰፊው አስረዷት። ክሮሚየም ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፣ አይሶቶፕ ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ቀላሉን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ በቀረው ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል።

«ውሃ ቢጨመርበትስ?» አለች።

«ሁለቱም እኩል ይቀጥናሉ። ድርሻቸው አይለወጥም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባክቴሪያዎቹ ካልሠሩ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፤ ዶክተሩም ቁጥሩ የወረደው ጉድጓዱ ዝናብ ገብቶበት ነው ይላሉ፤ እሷም ከሥራ አትባረርም ብላ አሰበች። ወረቀቱ እስኪመጣ ዝም ልትል ወሰነች።

ዓርብ ዴም ስትደርስ ስንቅነሽ እየሳቀች ተቀበለቻት። የጉድጓዱ ዘበኛ ኢሳ የምሥራቹን ከዶክተሩ ተማሪዎች ሰምቶ ቁልፉን ከፍቶላታል። ከትናንት ጀምሮ ሻይ የምታፈላው በጉድጓዱ ውሃ ነው፤ ራሷም ጠጥታለች።

ረሺዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ስንቅነሽ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ታዲያ ይኼን ለእኔ ነው ወይስ ለዶክተሩ የምትነግሪው?» አለቻት። «ተነሽ እንጂ።»

ረሺዳ ልብሷን ሳትቀይር ሚኒባስ ይዛ ወደ ጣኢፍ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን በዓረብኛ ስትደጋግም ነበር። ዶክተሩ ፊት ስትቆም ግን ከአፏ የወጣው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ ሦስተኛውን ጠርሙስ ከቧንቧ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ስንት ያህል ነበረበት ብለው ጠየቋት፤ በጣቶቿ ለክታ አሳየቻቸው። ወዲያው ለኢሳ ስልክ ደውለው ጉድጓዱን እንዲቆልፍ አዘዙት። ረሺዳ ዕቃሽን ሰብስቢ እስኪሏት ጠበቀች። እሳቸው ግን የመኪናቸውን ቁልፍ አንሥተው፣ «ያላ፣ ነይ፣ እንደገና እንቅዳ» አሏት።

የአዲሱ ናሙና ቁጥር ከተፈቀደው በላይ ሆነ። ሁለተኛው ወረቀትም ሲመጣ የከባዱ ድርሻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ ሥራ ጀምረው ነበር፤ እሷ የጨመረችው ውሃ ይህን አልደበቀውም። የደበቀው ምን ያህል መርዝ እንደቀረ ነው። ዶክተሩ ከዚያ ወዲያ ፍሪጁ ውስጥ ምንም አላስቀመጡም፤ እሷንም አላሰናበቷትም።

ረሺዳ ስለ ሁለቱ ቀናት ሻይ ጠየቀቻቸው። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም አሉ፤ ሲናገሩ ግን ወለሉን ነበር የሚያዩት። ይህንኑ ለስንቅነሽ ወስዳ ነገረቻት።

«እኔስ የሆንኩትን ልሁን» አለች ስንቅነሽ። «ያጠጣኋቸውን ሰዎች የት አገኛቸዋለሁ?»

ረሺዳ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓርብ ከስንቅነሽ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይ ሊጠጡ የሚመጡትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታይ ነበር።