ክዳኑ የማይገጥመው ፔርሙዝ

ስልኩ ሲጠራ ዕፀገነት አብነት ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ ተቀምጣ የጥቁር ቀሚሷን ጠርዝ ትሰፋ ነበር።

«ወይዘሮ ዕፀገነት፣ ዘንድሮ በተማሪዎቹ ፈተና መርዶ የሚነገራትን ሴት ሆና ዙሃራ ትሥራልን። እርስዎ ስኳር በሽተኛዋን ይያዙ» አለች ዶክተር መቅደላዊት።

ዕፀገነት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ምነው ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! ሐዘንዎ ገና ስድስት ወሩ ነው ብዬ ነው። ደግሞ ፈተናው ዘንድሮ እውነተኛ እንዲመስል እንፈልጋለን።»

እውነተኛ! የእሷ ባል ተስፋሚካኤል ታኅሣሥ ላይ ተቀብሯል። የጎረቤቷ የዙሃራ ባል ጀይላን ደግሞ ይኸው ማዶ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ በየክፍሉ የታመመ መስሎ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ዕፀገነት ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። የሆድ ቁርጠቱንም፣ የወገብ ሕመሙንም፣ አልድን ያለውን ሳልም ታውቅበታለች። ስሟ የሚነሣው ግን በመርዶዋ ነው። ተማሪው «ባለቤትዎ አርፈዋል» ሲላት እሪ ብላ ደረቷን ስትደቃ፣ ከፈታኞቹ እጅ ሳይቀር እስክሪብቶ ይወድቅ ነበር። ዙሃራን ያስገባቻትም ራሷ ናት። የክር ሱቋን ዘግታ አትመጣም ብለው የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሲያንገራግሩ፣ እኔ አለሁላት ብላ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው አብረው ወጡ። ዕፀገነት ልደታ ማርያም ጋ ቆማ ተሳለመች፤ ዙሃራም ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ ወዲያ ዕፀገነት ቀድማ ቀድማ ተራመደች።

«ዕፀ፣ ምነው ዘጋሽኝ? ስኳሩ ከአሁኑ ተነሣብሽ እንዴ?»

«ፍጠኚ ባክሽ፤ ባልሽ ሳትደርሺ ይሞትብሻል።»

«አስተግፊሩላህ!» ብላ ዙሃራ ሳቀች። ዕፀገነት አልሳቀችም።

ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነበር። ደወል ተደወለ። ዕፀገነት ፊት የተቀመጠው ተማሪ ውሃ ጥም አለብዎት ወይ እያለ ይጠይቃታል፤ ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ነው። እሪታውን ጠበቀች። ዝም። ሁለተኛው ተማሪ ገባ፤ አሁንም ዝም። አቃታት! ብላ ደስ አላት።

በሦስተኛው ላይ የእሷ ተማሪ ሳይገባ ዘገየ። ያኔ የዙሃራ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማት።

«እሺ… አጥሚቱን ላድርስለት። ክዳኑ አይገጥምም፣ ይቀዘቅዝበታል።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ወደፊት ተሳበ። ተማሪዋ በቀስታ፣ «እናቴ፣ አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» አለች።

በዘጠኝ ዓመት አንድም ተማሪ ዕፀገነትን እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሁሉም እሪታዋ እስኪያልፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ዙሃራ ያለችው ቃል ደግሞ የራሷ የዕፀገነት ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር የባሏ ሞት ሲነገራት፣ ያ የለመደችው እሪታ አልመጣላትም። የባሏን አጥሚት የያዘውን ፔርሙዝ እንዳቀፈች ይህንኑ አለች። የሰማቻት ክንዷን ይዛ የቆመችው ዙሃራ ብቻ ናት።

ሲመለሱ ታክሲ አልያዙም።

«ያን ከእኔ ነው የወሰድሽው» አለች ዕፀገነት።

«አዎ። ከማን ልውሰድ? ሌላ አላየሁ።» ዙሃራ ነጠላ ጫማዋን እያየች ተራመደች። «ቅር ካለሽ እተወዋለሁ። ከርሞ አንቺው ሥሪው።»

ዕፀገነት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከርሞ ብትገባ እሪ ከማለት በቀር የምትችለው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ያን ዝምታ ዙሃራ ከእሷ አስበልጣ ችላዋለች። ባሏ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቃት!

በራቸው ጋ ሲደርሱ ዙሃራ ቆመች። «ፔርሙዙ እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ከእጅሽ ተቀብዬሽ፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ስትፈልጊ መጥተሽ ውሰጂው።»

«እመጣለሁ» አለች ዕፀገነት።

ይህ ሰኔ ላይ ነበር። አሁን መስከረም ሊጠባ ነው። ዶክተር መቅደላዊት ለከርሞ የመርዶዋን ሴት ለማን ልስጥ ብላ ደውላ ጠይቃታለች፤ ዕፀገነትም አስቤ እነግርሻለሁ አለቻት። ከዕፀገነት በር እስከ ዙሃራ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ፔርሙዙን ገና አላመጣችውም።