ሲጠብቅና ሲላላ

ልጆቹ «ቲቸር ጠበቅ-ላላ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ከኋላዋ ነው፤ ግን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሹክሹክታ ከደወል አይተናነስምና ከሰማችው ቆይታለች። አልተቀየመችም። በሃያ ዘጠኝ ዓመት የመምህርነት ዘመኗ ከወጡላት ስሞች ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ባይነሳ ይሻላል።

ስሙ የመጣው ከገመድ ነው። ልጆቹን ለሁለት ከፍላ የልብስ ማስጫ ገመድ ግራና ቀኝ ታስይዛቸውና ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ትጽፋለች። ቃሉ ሲጠብቅ ገመዱን ወጥረው ይስባሉ፤ ሲላላ ይለቁታል። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ዋናው መንገድ ላይ ያወጣሃል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ይሰፋል፤ ሲጠብቅ ሜዳ ይሆናል። ፊደላችን እዚህ ላይ ትንሽ ሰነፍ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፍና ሥራውን ለአንባቢ ትቶ ይተኛል። እሷ ደግሞ ሰነፍ አትወድም። አንድ ቀን አንዷ ልጅ «ትናንት ሰውነቴ ላይ ሽፍታ ወጣ» ብላ ዓረፍተ ነገር ብትሠራ፣ አጠገቧ ያለው ልጅ «ከነጠመንጃው?» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያን ቀን ከልጆቹ ይልቅ መምህሯ ናት የሳቀችው።

ከግድግዳው ወዲያ የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር ግን ሳቁን አይወደውም። ብቅ ይልና «እኔ ጋ ሁለት ሁለት ነው፤ አይጠብቅ፣ አይላላ!» ይላል። «ለዚህ እኮ ነው ልጆቹ የሚያንቀላፉብህ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ከማንም ጋር የላትም።

ዓርብ ከሰዓት «በሉ ደህና ዋሉ» ካለች እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ድምፅዋን የሚሰማ ሰው የለም። የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከካርቶን የተቆረጡ የቃል ካርዶች ተከምረዋል፤ ለሳህን የሚሆን ቦታ ስለማይተርፍ ምሳዋን ቆማ ትበላለች። አንዳንዴ ካርዱን ስትጽፍ ቃሉን ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። ሰኞ ጠዋት ጉሮሮዋን ሁለቴ ሳትጠርግ ድምፅ አይወጣላትም። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወንድም አላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስምንት ዓመቱ፣ እሷ ሃያ ነበረች። ፊደል ያስቆጠረችው፣ አልብሳ አጉርሳ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት፤ ዛሬ ሩቅ ከተማ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ያጣላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሊያገባ ሲል ሙሽራዋ በእጇ የጻፈችውን የጥሪ ካርድ አየችና፣ አማቶች በተሰበሰቡበት፣ «ይሄን ስሕተትማ የእኔ ሦስተኛ ክፍሎችም አይሠሩት!» አለች። ቀልድ መስሏት ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ሙሽራዋ ግን አለቀሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ለማሸት እንኳ አልሞከረችም። ዝም አይነቅዝም ብለው ሁለቱም ስድስት ዓመት ዝም አሉ። በመሃል ሴት ልጅ መወለዷን የሰማችው ከሰው ነው።

ባለፈው ወር ነው እንግዲህ ስልኳ ላይ መልእክት የገባው። «እታለም፣ ቅዳሜ ትንሿን ይዤ ልመጣ ነው። ስንደርስ እደውላለሁ» ይላል። አራት ጊዜ አነበበችው። ቤት ከቀየረች ቆይታለችና አያውቀውም፤ መናኸሪያ ወጥታ ልትቀበላቸው ነው። ጠረጴዛውን አጸዳች። ለትንሿ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ሠራች፤ ድመት፣ ጃንጥላ፣ ጨረቃ። ሁለተኛ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ለባብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ተሳፈራችሁ?» ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አንድ ቃል ነው።

«አልመጣም።»

«ድሮስ!» አለች ለባዶው ቤት። «ድሮስ ምን ጠብቄ ነው!» ምክንያት እንኳ የለው፣ ይቅርታ እንኳ የለው። ያሳደገችው ልጅ በአንዲት ቃል ሸኛት። ስልኩን አጠፋችና መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ወንበሩን መለሰች። ሰኞ ጠዋት ስልኩን ስትከፍተው ምንም አዲስ መልእክት የለም፤ ይህም ያሰበችውን አረጋገጠላት።

ማክሰኞ ልጆቹ ራሳቸው ቃል የሚያመጡበት ቀን ነው። ሁለት ንባብ ያለው ቃል ያመጣ ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። ከፊት የሚቀመጠው ቀልደኛ ልጅ ወጣና «አልመጣም» ብሎ ጻፈ።

«ይሄ አንድ ብቻ ነው» አለች ቶሎ። ድምፅዋ ከወትሮው ሸካራ ነበር። «ላልቶ ነው የሚነበበው። እኔ አልመጣም። በቃ። ተቀመጥ።»

ኋላ ወንበር ያለችው ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይጠብቃልም እኮ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«አውቶቡሱ አልመጣም።»

ልጆቹ ገመዱን ወጥረው ሳቡት። መምህሯ ቾኩን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ልጆቹ ነጥብ እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ፤ ለእሷ ግን አንድ መናኸሪያ፣ አንድ የዘገየ አውቶቡስ፣ አንድ የተዘጋ ስልክ ነበር የሚታያት። «ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

በዕረፍት ሰዓት ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ቆማ ደወለች።

«አቤት» አለ ወንድሟ። ድምፁ ወፍሯል።

«ቅዳሜ… መጥታችሁ ነበር?»

«ስድስት ሰዓት ደረስን። አውቶቡሱ ዘግይቶ ነው እንጂ ቀደም ብለን እንደርስ ነበር። እስከ አስር ሰዓት ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ባትሪ አለቀ ማለት ይቻላል፣ አመመኝ ማለት ይቻላል። «መልእክትህን አላልቼ አነበብኩት» አለች።

ወንድሟ ሳቀ። ድሮ ፊደል ሲሳሳት የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቀው። ግን ሳቁ ቶሎ ተቋረጠ።

«እታለም፣ እሺ፣ ሁለት ንባብ አለው። ታዲያ ክፉውን ለምን መረጥሽ?» አላት። «ደውለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም እኮ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜስ ብትመጡ?» አለችው።

«እስቲ እናያለን።»

ይህችን ደግሞ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። «እስቲ እናያለን» ጠበቀም ላላም ትርጉሙ አንድ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ግን እሷ ተሳፈረች። የሚስቱን ስም ጠርታ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ዓረፍተ ነገር መንገዱን ሙሉ ስትሠራና ስትሰርዝ፣ ደረሰች። መናኸሪያው ቅጥር ጥግ፣ ሻንጣ ከሚያወርዱት ሰዎች ራቅ ብላ ደወለች። ያነሳው ወንድሟ አልነበረም።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ትልቅ ሰው ሲል እንደሰማችው።

ጉሮሮዋን ጠረገች። «አክስትሽ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጅቷ አሰበች። «ያቺ ያልመጣችዋ?»

«አዎ» አለች መምህሯ። «እሷው ነኝ።»

«ቆይ» አለችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «አባዬ!» እያለች ሮጠች። መስመሩ አልተዘጋም። ሳህን ሲጋጭ፣ በር ሲከፈት፣ አንዲት ሴት ከሩቅ «ማናት?» ብላ ስትጠይቅ ይሰማል። መምህሯ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ ትገባበት እንደሆን የማታውቀውን ያን ቤት እየሰማች ቆመች።