ማናልሞሽ በር ላይ ቆመች

ማናልሞሽን የማያውቅ የሚዛን አማን ሕመምተኛ አለ ቢሏችሁ አትመኑ። ገበያ ላይ ኮረሪማ ትሸጣለች፤ ሰው ታመመ ሲባል ግን ንግዱን ጥላ ትሮጣለች። አልጋው ላይ ዘፍ ብላ፣ ሕመምተኛውን አገላብጣ ካልሳመች ጠየቅሁ አትልም።

ታዲያ ልጇ ዲቦራ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሰይ! ማናልሞሽ የምትሆነውን አጣች። በማግስቱ ግን ነርሷ ሲስተር የምሥራች ከአልጋው ላይ አስነሣቻት።

«እናቴ፣ ማዶ ያለችውን ሴት አዩዋት? ቁስሏ አመርቅዟል። ከቤቷ ይዛው አልመጣችም፤ እዚሁ ነው የያዛት። በሀብታም አገር እንኳ ከመቶ ታካሚ ሰባቱን ያህል ሐኪም ቤት ውስጥ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ እንደኛ ባለው አገር ዐሥራ አምስት ይደርሳል። ሳይታጠብ የሚነካ ጠያቂም ያዛምተዋል።»

ማናልሞሽ ክው አለች። «ወይኔ! ስንቱን ስሜ ይሆን?» ዲቦራ ከዐሥራ አምስቱ አንዷ ብትሆንስ? ተነሥታ በሩ ላይ ተገተረች።

ከሰዓት በኋላ ከማሻ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ዱብ አለ። ከፊት የዲቦራ አማት ጋሽ ወልደጻድቅ ናቸው፤ ጭቃ የያዘውን መኪና ሲገፉ እጃቸው ተለውሷል።

«ምራቴን እንትፍ እንትፍ ብዬ ልመርቃት!»

«በሞቴ ጋሼ፣ አይግቡ። ቁስሉ ገና እርጥብ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! ምርቃት ያመረቅዛል? የሕመምተኛ ሁሉ አልጋ ላይ ዘፍ ስትዪ ከርመሽ ዛሬ በረኛ ሆንሽብን?»

እውነታቸውን ነው። ፊቷ ፍም መሰለ፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዘመዱ አጉረምርሞ ተመለሰ። ጋሽ ወልደጻድቅ ግን እዚያው ከተማ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ በየማለዳው ግቢው ውስጥ አኩርፈው ይቀመጡ ጀመር።

ፋሻው የሚፈታበት ቀን ደረሰ። ሲስተር የምሥራች ቀስ ብላ ገለጠችው። ደርቋል! ንጹሕ ነው! ማናልሞሽ እልልታዋን አቀለጠችው፤ «ኧረ ቀስ!» ብትባል ማን ሰምቶ!

እልልታው ግቢው ድረስ ተሰማ። ጋሽ ወልደጻድቅ ብድግ ብለው ቧንቧው ጋ ሄዱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ፈተጉ። ውሃው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሙ።

«እህስ በረኛዋ፣ አሁንስ ይገባል?»

«ይግቡ ጋሼ! እንትፍታው ግን ይቅርብን።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ገብተው ከአልጋው ራቅ ብለው ቆሙ። ሊመርቁ እጃቸውን ሲያነሡ ማዶ የተኛችውን ሴት አዩ፤ ጠያቂ አጠገቧ የለም። ፊታቸውን መጀመሪያ ወደ እሷ አዞሩ።

«አንቺንም ልጄ፣ ለቤትሽ ያብቃሽ» አሏት።

ማናልሞሽ ካለችበት ሆና «አሜን!» አለች።